ኮምፒውተር ለምትወድ ልጄ

ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ተዪው ብዬ አልመክርሽም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የወደድኩት ነገር ነው፤ ዛሬም ሲነጋ ወደ እሱ ለመመለስ ቸኩዬ እነሣለሁ። የምፈልገው ፍቅሩ እንዲቆይልሽ ነው።

1. ሰውነትሽ «በቃኝ» እስኪልሽ አትጠብቂ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። አልሠራ ያለ ኮድ ይዘሽ ስህተቱን ስትፈልጊ ረሃቡ አይሰማሽም፤ አንገትሽ መድረቁ፣ ሽንትሽ መምጣቱ እንኳ አይታወቅሽም። ሐሳብ ሲሰበሰብ የሚገኘው ደስታ ሕመሙን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሥራውን ከሚጠላው ሰው ይልቅ የምታሰጊኝ አንቺ ነሽ። አእምሮሽ አስታውሶ ያስነሣኛል አትበዪ፤ ማስነሻው ከውጭ ይምጣ። የውሃ ጆጉን ሌላ ክፍል አኑሪው። ስልክ ሲደወልልሽ እየተራመድሽ አውሪ። ቤት ቡና ሲፈላ ስኒሽን ወደ ኮምፒውተሩ አታስመጪ፤ ሄደሽ ተቀመጪና አቦሉንም ቶናውንም ከሰው ጋር ጠጪ።

2. ላፕቶፕ ለአንገት አልተሠራም። ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለሆኑ ለእጅሽ ሲመች አንገትሽ ይጎብጣል፤ ለዓይንሽ ከፍ ስታደርጊው ደግሞ ክንድሽ ይንጠለጠላል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባቀረቀርሽ ቁጥር የአንገትሽ ጡንቻ የሚሸከመው ይጨምራል። መፍትሔው ውድ አይደለም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ትይዩ እስኪሆን ላፕቶፑን በወፋፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርጊው፤ ከዚያ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ግዢ። ገንዘብ ሲተርፍሽ ከተጨማሪ ራም በፊት ደህና ወንበር ይቅደም። አልጋ ላይ ተጋድሞ መሥራትን ግን ጨርሶ እርሺው።

3. ጣትሽን አድምጪው። አማርኛ የምንተይብ ሰዎች ሸክማችን ይብሳል፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ በሚተየበው ኪቦርድ አንዷን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቁልፍ እንመታለን። አውራ ጣትሽ፣ ጠቋሚሽና የመሐል ጣትሽ፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት፣ ከደነዘዙ በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። የደነዘዙት ትንሿና የቀለበት ጣትሽ ከሆኑ ነገሩ ከክርንሽ ሊመጣ ይችላል። «ሳርፍ ይተወኛል» እያልሽ ወራት አታሳልፊ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑም ለይተሽ ንገሪው። ኢማክስ የተባለውን የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራው ሪቻርድ ስቶልማን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እጁን አሞት ኮድ መጻፍ አዳግቶት ነበር። በሙያው ጎበዝ መሆን ለእጅ መከታ አይሆንም።

4. ዓይንሽን አሳርፊው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ገደማ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቺ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይናችን መርገብገብ ይቀንሳል፤ ዓይን የሚያቃጥልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

5. በእግርሽ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለዚህ ጂም መመዝገብ የግድ አይደለም፤ ከሥራ ስትመለሽ ከታክሲ ቀደም ብለሽ ወርደሽ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብትራመጂ በአምስት ቀን 150 ይሞላልሻል። አዲስ አበባ ካለሽ ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ውጪው። ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ይቆይ።

6. እንቅልፍሽን ለኮድ አትሽጪው። የጠጣሽው ካፌይን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነትሽ ውስጥ ስለሚኖር የመጨረሻው ቡናሽ ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። እኩለ ሌሊት አልፎም ስህተቱ ካልተገኘ ደክሞሻልና ተዪው። የቆምሽበትን ቦታና ጠዋት መጀመሪያ የምትሞክሪውን በሁለት መስመር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ካልጻፍሽው አልጋ ውስጥም ስታሰላስዪው ታድሪያለሽ።