የታፈነ አየር ጉልበት

አየርን እንስበዋለን እንጂ አናየውም፤ አንጨብጠውም። ግን ስለማይታይ ጉልበት የለውም ማለት አይደለም። አየርም ሆነ የሚፈላ ውሃ እንፋሎት ጋዝ ይባላል። ጋዝ ስንል ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረውን ነጭ ጋዝ ማለታችን አይደለም፤ እሱ ፈሳሽ ነው።

ጋዝ የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱን እንመልከት።

አንደኛ፦ ጋዝ ቦታ ሲጠበው ግፊቱ ይጨምራል። ሙቀቱ ሳይለወጥ ቦታው በግማሽ ቢቀንስ፣ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሮበርት ቦይል የተባለ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1662 ጽፎ አሳወቀ። ብረት ሠሪው ግን በወናፉ ሲሠራበት ኖሯል። ወናፉን ሲከፍተው አየር ይገባል። ሲጫነው አየሩ ይጠበዋል፤ በቀጭኑ አፍ በኃይል ወጥቶ ፍሙን ያፋፍማል።

ሁለተኛ፦ ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋል። መስፊያ ካጣ ያፈነውን ነገር ይገፋል። ፈንድሻን እንውሰድ። በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ፍሬው ምጣድ ላይ ሲግል ከውሃው እንፋሎት ይወጣል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቅርፊቱ ይሸነፍና ጧ ይላል። ነቀዝ የበሳው ፍሬ ግን አይፈነዳም። ለምን? እንፋሎቱ በቀዳዳው ስለሚያመልጥ ነው።

ከዚህች ፍሬ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። የታሸገ ቆርቆሮ ወይም የፍሊት ጣሳ እሳት ውስጥ ሲገባ እንደ ፈንድሻ ይሆናል። ልዩነቱ የሚፈናጠረው ብረት መሆኑ ነው። ዓይን ያጠፋል፤ ሰውም ይገድላል። ፍሊቱ አለቀ ብለን አንዘናጋ፤ ባዶ በምንለው ጣሳ ውስጥም ጋዝ ይቀራል።

እሳት ባይኖርም የታፈነ ጋዝ አደጋ አለው። ጠጅ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል። ፍላቱን ሳይጨርስ በጠርሙስ ሞልተን አጥብቀን ብንደፍነው፣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለዚህ፦
1. የታሸገ ቆርቆሮ፣ የፍሊት ጣሳና የባትሪ ድንጋይ እሳት ውስጥ አንጣል። ልጆችም እንዳይጥሉ እንጠብቅ።
2. ክዳኑ የተጠረቀመ ዕቃ እሳት ላይ አንጣድ፤ እንፋሎቱ መውጫ ይኑረው።
3. ፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ አንድፈን።

ጥያቄዎች
1. ወናፍ ሲጫኑት አየሩ ለምን በኃይል ይወጣል?
2. ነቀዝ የበሳው በቆሎ ለምን አይፈነዳም?
3. በቤታችሁ እሳት አጠገብ መቀመጥ የሌለባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።