የባትሪው ዋት-አወር ስንት ነው? ዕቃ ከመላክ በፊት የሚሠራ አጭር ስሌት

እኔ ፕሮግራም የምጽፈው ትንንሽ የቤት ዕቃዎችን በአውሮፕላን ለሚልክ መጋዘን ነው። ላኪዎች በብዛት የሚጨነቁት ዕቃው እንዳይሰበር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው ከተጨፈለቀ ወይም ጫፎቹ ከተነካኩ ይግላል፤ እሳት ከተነሣ ደግሞ ለማጥፋት ያስቸግራል።

የአየር ጭነት ደንብ የሊቲየም-አዮን ባትሪን አቅም የሚለካው በዋት-አወር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሚሊአምፒር-አወሩን ለ1,000 አካፍሉና በቮልቱ አባዙት።

ሁለት ዕቃዎች እንውሰድ። ሁለቱም ላይ 5,000 ሚሊአምፒር-አወር ተጽፏል እንበል።

• በእጅ የሚያዝ ብሌንደር፣ 3.7 ቮልት፦ 5 × 3.7 = 18.5 ዋት-አወር
• ገመድ አልባ ቫኪዩም ክሊነር፣ 25.2 ቮልት፦ 5 × 25.2 = 126 ዋት-አወር

ወሳኙ ቁጥር 100 ነው። ከዚያ ካለፈ የአደገኛ ጭነት ሙሉ ሰነድ ያስፈልጋል። ዳታቤዛችሁ ሚሊአምፒር-አወርን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ሁለቱን ዕቃዎች እኩል አድርጎ ያሳልፋቸዋል።

ስለዚህ ቮልትን የግድ የሚሞላ አድርጉት፤ ዋት-አወሩን ፕሮግራሙ ራሱ ያስላው። መረጃ ከጎደለ ዜሮ ብሎ አይለፍ፤ «አልታወቀም» ብሎ ጭነቱን ያስቁም።

መጋዘን ውስጥም ያበጠ ባትሪ ያለበትን ዕቃ አትቀበሉ፤ ሌላውን ከሙቀት አርቁ፤ ማብሪያው በጉዞ ላይ እንዳይነካ አድርጋችሁ አሽጉ።

እስቲ አሁን ቤታችሁ ካለ ዕቃ አንዱን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ፤ ስንት ዋት-አወር ወጣ?