ለችግረኛ ቤተ ሰብ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ከብት ስለሚሆንበት መንገድ

በቀድሞ አማርኛ ከብት የሚለው ቃል እንስሳን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም ሀብትና ንብረት ይጨምር ነበር። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ለባላገር ላሚቱ የልጆቹ ምግብ፣ በሬው የማረሻው ጕልበት፣ በጊቱም ለክፉ ቀን ያስቀመጣት ገንዘብ ናትና። ስለዚህ መንግሥት ለችግረኛ ቤተ ሰብ የርዳታ ገንዘብ በእጅ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ገንዘቡ ተበልቶ የሚያልቅ ነው ወይስ ከብት ሆኖ የሚቀር የሚለውን ጥያቄ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት አጥብቀው ሊመረምሩት ይገባል። መልሱ በገንዘቡ ብዛት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ገንዘቡ በሚከፈልበት ቀንና ከክፍያው ጋራ በሚሰጠው አገልግሎትም ይወሰናል።

ከብት ማጣት ስለሚያመጣው ጕዳት

በ1880 ዓ.ም. ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ በኢትዮጵያ ተዛመተ፤ አብዛኛውም የቀንድ ከብት አለቀ። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ በሬ የሌለው ገበሬም መሬቱን ሊያርስ ስላልቻለ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየው ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቈፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይነገራል።

ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ነገር ግን ቤተ ሰብን በሬና ላም የሚያሳጣ ሌላ ምክንያት ዛሬም አለ፤ እርሱም በክረምት ወራት በችግር የሚደረግ ሽያጭ ነው። ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ከብቱን በአንድነት ወደ ገበያ ስለሚያወጣም የከብት ዋጋ ይወርዳል። ድኻው በርካሽ ሽጦ በውድ ይሸምታል። አዝመራው በገባ ጊዜ የሸጠውን መልሶ ለመግዛት ዐቅም አያገኝም፤ በሚቀጥለውም ዓመት መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል እየሰጠ የምርቱን ከፊል ያጣል። እንዲህ እያለ ድኽነቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይጸናበታል።

በ1997 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው ሥራ

ይህን ለመከልከል መንግሥት ከለጋሾች ጋራ ሆኖ በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተባለውን ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት የአስቸኳይ እህል ርዳታ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ረኃቡ ከታየ በኋላ ነበር። በአዲሱ ሥራ ግን በየዓመቱ ምግብ እንደሚጐድለው የታወቀ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ተመዝግቦ በገንዘብ ወይም በእህል እንዲረዳ ተወሰነ። ጕልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በኩሬ ሥራ እየዋለ ይከፈለዋል፤ ሊሠራ የማይችል ሽማግሌ፣ ሕመምተኛና ጧሪ የሌለው ሰው ግን ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ይቀበላል። የሥራው ዐሳብ ሁለት ነው፤ አንደኛው ረኃብን መከልከል፣ ሁለተኛው ቤተ ሰቡ ያለውን ከብት እንዳይሸጥ መጠበቅ ነው።

ውጤቱ በምርመራ ታይቷል። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ሊቃውንት በ1998 ዓ.ም. ቤተ ሰቦችን በመረመሩ ጊዜ በአማካይ የተገኘው ጥቅም ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹ የተመደበላቸውን በሙሉ አልተቀበሉም ነበርና። ከተመደበው እኩሌታውን ወይም ከዚያ በላይ ባገኙት ዘንድ ግን መሻሻል ታየ።

ምርመራው እስከ 2002 ዓ.ም. በቀጠለ ጊዜ፣ አምስት ዓመት የተረዱት አንድ ዓመት ብቻ ከተረዱት ጋራ ተነጻጸሩ። የረኃባቸው ወራት በዓመት በ1.29 ወር ዐጠረ፤ ከብታቸውም በ0.38 የከብት መስፈሪያ ጨመረ። በተለመደው አቈጣጠር ይህ መስፈሪያ አንድ ላም ወይም በሬ 0.7፣ አንድ በግ ወይም ፍየል 0.1፣ አንድ ዶሮ 0.01 ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው ወደ አራት በጎች ይጠጋል። ከክፍያው ጋራ የእርሻ ምክርና ሌላ የምርት ድጋፍ አብዝተው ባገኙት ዘንድ ግን ጭማሪው 1 መስፈሪያ ያህል፣ ማለት እንደ አሥር በጎች ሆነ። ገንዘቡ ብቻውን ከብትን ይጠብቃል፤ ገንዘቡና አገልግሎቱ ሲተባበሩ ግን ከብትን ያበዛሉ ማለት ነው።

በሌላም አገር ይህን የሚመስል ነገር ተገኝቷል። በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ እጅግ ድኻ ለሆኑ ቤተ ሰቦች ከብት ወይም ሌላ የሥራ መነሻ፣ ለጊዜው የሚበሉት፣ ትምህርትና የቁጠባ መንገድ በአንድነት ተሰጣቸው። በኢትዮጵያ ሥራው የተደረገው በትግራይ በውቅሮ ነበር። ርዳታው ካበቃ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላም ጥቅሙ እንዳልጠፋ ታይቷል። ለድኻ የተሰጠ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል ብለው ለሚሠጉ ሹማምንት ይህ በቂ መልስ ነው።

ስለ አቃቂ በሰቃና ስለ አካባቢዋ

የጅቡቲ ባቡር ያልፍባት የነበረችው አቃቂ በሰቃ ዛሬ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ናት፤ አገሩም አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ተብሎ ይጠራል። ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት ከነበረው ጥቍር አፈር ብዙው ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ውሏል፤ የግጦሽ ቦታም ጠቧል። ስለዚህ በሜዳ የሚሰማሩ ብዙ ከብቶችን ማርባት ለዚህ ሰፈር የሚስማማ አይደለም። በበረት ታስረው የሚቀለቡ ጥቂት እንስሳት፣ ማለት የሚደልቡ በጎች፣ አንዲት የወተት ላም ወይም ዶሮዎች ይሻላሉ።

ሰፈሩ ሌሎች አገሮች የማያገኙት ጥቅምም አለው። የቁም ከብት ገበያ በአቃቂ አለ፤ ከዱቄት ፋብሪካዎች ፉርሽካ ይገኛል፤ የላሞችን ዘር ለማሻሻል የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የተመሠረተው በቃሊቲ ነው፤ በዚያው መንገድ ላይ ባለችው በቢሾፍቱም የእንስሳት ክትባት ይመረታል።

የሴፍቲኔት ሥራ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ተጀምሯል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሠራተኛው ከክፍያው ከመቶ 20 እጅ እንዲቈጥብ፣ በኋላም ሥልጠና ተቀብሎ ወደ 500 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በብር ተመንዝሮ ለሥራ መነሻ አንድ ጊዜ እንዲሰጠው ተደርጎ ነበር። እንግዲህ የወር ክፍያው ቤተ ሰቡን ሲመግብ፣ ቁጠባውና መነሻው ገንዘብ ከብት ለመግዛት ይረዳሉ። ሁለቱ ከተደባለቁ፣ ማለት የወር ክፍያው ዘግይቶ መነሻው ገንዘብ ለቀለብ ከዋለ፣ ከብቱ ሳይገዛ ይቀራል።

ሹማምንት ሊጠብቁት ስለሚገባ ሥርዐት

አንደኛ፤ የክፍያው ቀን አይለፍ። በሰኔ ሊከፈል የሚገባው ገንዘብ በነሐሴ ቢመጣ፣ ቤተ ሰቡ በመካከሉ በጊቱን ሸጧታል፤ የዘገየውም ገንዘብ የሸጣትን በግ አይመልስለትም። የክፍያው መጠንም ከእህል ዋጋ ጋራ ሊታይ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ የእህል ዋጋ በወጣ ጊዜ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የገበያውን ውድነት አልደረሰበትም፤ ብዙ ተረጂዎችም ከገንዘቡ ይልቅ እህሉን መረጡ።

ሁለተኛ፤ የከብቱን ምርጫ ለቤተ ሰቡ መተው ነው። ሹም በጅምላ ገዝቶ ሲያከፋፍል ሻጭ ዋጋውን ያስወድዳል፤ ከሩቅ ቆላ የመጣ ፍየልም ደጋውን ሳይለምድ ይሞታል። በረቱን የምትጠርገው፣ ላሚቱን የምታልበውና ዶሮዎቹን የምትጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ስለ ሆነች፣ ምክሩም ገንዘቡም ለእርስዋ ጭምር ሊደርስ ይገባል።

ሦስተኛ፤ መኖ ከከብቱ ይቅደም። የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የጠላ አተላ ከየት እንደሚገኝና ምን ያህል እንደሚበቃ ሳይታወቅ ከብት መግዛት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ከመነሻው ገንዘብ የመኖው ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ክትባት አይረሳ። የዶሮ ፈንግል ባለ ዶሮውን በጥቂት ቀን ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል፤ ደስታ መሰል በሽታም በግና ፍየልን ይፈጃል። ክትባቱ ከብቱ በተገዛ ሰሞን እንዲሰጥ የእንስሳት ሐኪምና የልማት ሠራተኛው የግዢውን ቀን አስቀድመው ይወቁ።

አምስተኛ፤ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ እንስሳ ላይ አይፍሰስ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደ ተባለው፣ አንዲት ላም ብቻ የገዛ ድኻ በሞተችበት ቀን ወደ ቀድሞው ችግሩ ይመለሳል። በተለይ ከብቱ በብድር የተገዛ እንደ ሆነ ከብቱ ሞቶ ዕዳው ይቀራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው መነሻ ከብድር ይልቅ ስጦታ ይሻላል። በግ በአምስት ወር፣ ላም በዘጠኝ ወር ይወልዳሉ፤ ዶሮ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። በቶሎ የሚመልሱትን ትንንሾቹን አስቀድሞ፣ ላሚቱን አስከትሎ መግዛት ለድኻ ይበጃል።

ስድስተኛ፤ የገበያው ወራት ይታወቅ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት የሚፈልግ ሰው ስለሚያንስ ከሲታ በግ በተሻለ ዋጋ ይገዛል፤ ለፋሲካ ግን ገዢው ይበዛል። እንደዚሁም ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል የሚሸጥ በግ ሣር በሚበዛበት በክረምት ሊቀለብ ይችላል። ማድለብ ሦስት ወር ያህል የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ የመነሻው ገንዘብ ቀን ከበዓሉ ወደ ኋላ ተቈጥሮ ይወሰን። ወተት የሚሸጥ ቤተ ሰብም በጾም ገዢ እንደሚያንስ ዐውቆ ወተቱን ወደ ቅቤ ለመለወጥ ይዘጋጅ።

ስለ ቍጥጥር

በየወረዳው የሚላከው መግለጫ ብዙውን ጊዜ የተከፈለውን ብርና የተረጂውን ቍጥር ይናገራል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን የሥራውን ፍሬ አያሳይም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በሰኔ፣ ክረምቱም ካለፈ በኋላ በመስከረም በየቤቱ ያለው ከብት ቢቈጠር፣ ከሰኔ የነበረው በመስከረም ሳይሸጥ መገኘቱ ክፍያው በቀኑ ለመድረሱ ምስክር ይሆናል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ቍጥሩ ከጨመረ፣ ምክሩ፣ መኖውና ክትባቱም ደርሷል ማለት ነው። ካልጨመረ ግን ሹሙ በተረጂው ስንፍና ከመፍረዱ በፊት፣ የክፍያውን መዝገብ ገልጦ ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደ ወጣ አስቀድሞ ይመርምር።