ከአየር ሙቀት የሚስብ መኪና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነና እንዴት እንደሚጠበቅ

ለክቡራን የአገር ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለእርሻ ባለቤቶች ሁሉ።

በኤውሮጳ አገሮች፥ ይልቁንም በኖርዌይና በስዊድን፥ በማገዶ ፈንታ ከደጅ አየር ሙቀት በሚስብ መኪና ቤትንና ውሃን ማሞቅ እጅግ በዝቷል። በፈረንጅ አጠራር ሂት ፓምፕ ይባላል። ስለዚህ መኪና አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚል ነው። ዋጋው ከተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ፥ የወጣበትን ገንዘብ የሚመልሰው ብዙ ዓመት ሲሠራ ብቻ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው።

አሠራሩ ከፍሪጅና ከወተት ማቀዝቀዣ ጋራ አንድ ነው። ፍሪጅ ሙቀትን ከውስጡ አውጥቶ ወደ ኋላው ይጥላል፤ ይህኛው ግን ከደጅ ወስዶ ወደ ቤት ያገባል። ማራገቢያው አየሩን በጥምዝምዝ ቧንቧ ላይ ያሳልፋል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው በጥቂት ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ ከአየሩ ሙቀት ተቀብሎ ተን ይሆናል፤ ኮምፕሬሰር የሚባለው ክፍል ተኑን ሲጨምቀው ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱንም ለውሃው ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ አኳኋን 1 እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ 3 እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ውሃው እጅግ እንዲግል በተፈለገ መጠን ግን ትርፉ ይቀንሳል፥ መኪናውም ይደክማል።

በመልካም የተያዘ መኪና ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይገመታል። በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ምክር ቤት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1938 የተተከለው እስከ 2001 ድረስ 63 ዓመት ሠርቷል፤ እርሱ ግን ሙቀቱን የሚስበው ከአየር ሳይሆን ከወንዝ ውሃ ነበር፤ ከአየር የሚስበው በዝናብ፥ በአቧራና በፀሐይ ስለሚቆም ይህን ያህል ዕድሜ ተስፋ አይደረግለትም። በባሕር ዳርቻ ያለ ጨዋማ ነፋስም ብረቱን ይበላዋል።

ዕድሜውን ከሚያሳጥሩት ነገሮች ዋናው የአየር መታፈን ነው። በቧንቧው ላይ የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በአቧራ፥ በገለባና በላባ ሲደፈኑ፥ ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት አብዝቶ ይደክማል። በአውድማ አጠገብ ወይም በዶሮ ቤት ደጅ የተተከለ መኪና በጥቂት ሳምንት እንደሚደፈን የታወቀ ይሁን። ሲጸዳም ኤሌክትሪኩ አስቀድሞ ይቋረጥ፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና ኃይል በሌለው ውሃ ይታጠብ፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ቅጠሎቹን ያጣምማልና አይፈቀድ። ሌባ እንዳይነካው ብሎ ዙሪያውን በግንብ ማጠርም መኪናውን ማነቅ ነው፤ አየር የሚያሳልፍ የብረት አጥር ይበቃል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ከልክ በላይ ከፍ ካለ የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር ሳይገዙ መኪናውን ብቻ መግዛት ቆጥቦ መክሰር ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ በሚወርድበት ቦታ ደግሞ፥ የውሃው ቧንቧ በደጅ የሚያልፍ ከሆነ፥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ውሃው ረግቶ ቧንቧውን ሊሰነጥቀው ይችላልና ቧንቧው በሚገባ ይሸፈን።

ውሃውም ራሱ ይመርመር። ከጉድጓድ የወጣ ኖራ የበዛበት ውሃ በማሞቂያው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ በጀበና ውስጥ የሚታየው ዝቃጭ ዓይነተኛ ምሳሌው ነው። በውሃው መግቢያ ያለው ማጣሪያ በየጊዜው ተፈትቶ ይጠረግ።

በጋዙ ግን ያልተማረ ሰው እጁን አያግባ። ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ስለሚዞር አያልቅም፤ በየዓመቱ «ጋዝ ልሙላ» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ፥ ቀዳዳው ያልተደፈነ መሆኑን ይወቁ። በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የሚታይ የዘይት ወዝም የመፍሰሱ ምልክት ነው። በአዲሶቹ መኪናዎች የሚገባው ፕሮፔን እንደ ማድቤት ጋዝ በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። አር 22 የተባለውን አሮጌ ጋዝ የሚሠራበት መኪና ቢረክስም አይገዛ፤ በሞንትሪያል ውል መሠረት ይህ ጋዝ ከገበያ እየወጣ ነውና፥ መኪናው ሳያረጅ በጋዝ እጦት ሊቆም ይችላል።

የመኪናው መጠን ከሥራው ጋራ መመጣጠን አለበት። ከሚገባው በላይ ትልቅ የሆነ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ ቶሎ ቶሎ ይቆማል፤ ኮምፕሬሰርን የሚጎዳውም ከመሥራቱ ይልቅ መነሣቱ ነው። ሹማምንት ትልቁን መግዛት እንደ ክብር መቁጠራቸው በዚህ ነገር አይጠቅምም። በደጋችን ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ዙር የሚያሳልፈው አየር በክብደቱ ያነሰ ስለሚሆን፥ በፋብሪካው ወረቀት የተጻፈው ኃይል ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ስለዚህ ውል ሳይፈረም የቦታው ከፍታ በሜትር ለሻጩ ተገልጦ፥ በዚያ ከፍታ የሚሰጠው ኃይል በጽሑፍ ይጠየቅ።

መኪናው ከተተከለ በኋላ ኃላፊ ሰው በስም ይመደብ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ባለሙያ ይመርምረው። ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ከግዢው ጋራ አብሮ በበጀት ይያዝ። በአጠገቡ መዝገብ ተቀምጦ የጸዳበት ቀን፥ የገባውና የወጣው ውሃ ሙቀት፥ ቆጣሪው ያሳየው ኤሌክትሪክ በየወሩ ይጻፍ፤ ሙቀቱ ሳይጨምር የኤሌክትሪኩ ፍጆታ ካደገ መኪናው ሳይሰበር ባለሙያ ይጠራ።