ወገቡ የሚታጠፍ ባቡር

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ደኖች ግንድ ይጎትት የነበረውን ተጣጣፊ የእንፋሎት ባቡር በሞዴል ልሠራ አስቤያለሁ። ያለኝ ሐዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ከየት ልጀምር? (ከጀሞ)

መልስ፦ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደዎት? እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ ለምጽዋ-አስመራ መስመር የሠራው፣ ማሌ የሚባለው ተጣጣፊ ባቡር የዚያው ዘመድ ነው። የመስመሩ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 21 ጊዜ ሲያንስ ሐዲድዎ ላይ ልክ ይቀመጣል።

ቦይለሩን ከፒቪሲ ቱቦ ቆርጠው ከኋለኛው ሻንሲ ጋር ብቻ ያያይዙት። የፊተኛው በአንድ ብሎን ላይ ይዙር፤ ቦይለሩ በላዩ ይንሸራተት እንጂ አይጣበቅ፤ አለዚያ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። የፊት ሲሊንደሮችን ወፈር ያድርጓቸው፤ በእውነተኛው ባቡር፣ በኋለኞቹ ሠርቶ ግፊቱ የቀነሰ እንፋሎት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። አራቱንም እኩል አድርጎ የሠራ ሰው ሳይ ይደብረኛል። ኩርባ ላይ ሳይሞክሩት ቀለም አይንኩ።