ስማቸውን ማን ያነሣል? ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባልደረቦችን ስለ ማሰብ



በባሕር ዳር፣ የደንገል ታንኳዎች ከውኃ ወጥተው በሚደርቁበት የጣና ዳርቻ፣ ማለዳ ማለዳ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «አባ፣ ለጓደኞቼ ጸሎት ላስደርግ ፈልጌ የክርስትና ስማቸውን አጣሁ። በማዕረግና በቅጽል ስም ነበር የምንጠራራው። ደግሞም አንዳንዶቹ ኋላ ከወዲያ ወገን ተሰለፉ። እነርሱንም ላስባቸው ይገባኛልን?» የዛሬው ትምህርታችን ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣል።

1. ታሪኩ ባጭሩ

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ በምጽዋ ተመሠረተ። የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀቱ ረዱ፤ የመኮንኖቹም ኮሌጅ በአሥመራ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተሰኘች መርከብ የኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች። ከሐይቅ በቀር ባሕር ያላየው የደጋ ልጅ ከምጽዋ ልጅ ጋር ባንድ ጠባብ ክፍል ተኛ፤ ባንድ ማዕድ በላ፤ ሌሊቱንም በየተራ ዘብ ቆመ። በመርከብ ላይ የአንዱ ማንቀላፋት ለሁሉም ጥፋት ነውና፣ ወንድማማችነቱ በቃል ብቻ የሚነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ከበደ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ስድሳ ያህል ሰዎች መካከል የባሕር ኃይሉ መሪ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል። በ1970 ዓ.ም. ምጽዋ ተከበበች፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ደግሞ በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቦቹ የቀሩትን ሰዎች ይዘው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ኃይሉ ጨርሶ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019፣ እንደገና ሲቋቋም፣ የእዙ መቀመጫ ባሕር ዳር እንደሚሆን ተዘግቦ ነበር። አዛውንቱ ወሬውን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አዲሶቹ ልጆች የእኛን ሙታን ያውቋቸው ይሆን?»

በባሕር ላይ የሞተ መቃብር የለውም። ለብዙ ቤትም መርዶ አልደረሰም። መርዶ ያልሰማ ቤት ደግሞ ልቅሶ አይቀመጥም፤ ተዝካርም አያወጣም፤ በር በር እያየ ያረጃል።

2. ስማቸውን ባናውቅስ?

ካልእ መጽሐፈ መቃብያን፣ ምዕራፍ 12፣ ይሁዳ መቃብያን በጦር ሜዳ ለወደቁት ሰዎቹ ያደረገውን ይተርካል። (ይህ መጽሐፍ በስም ቢመሳሰልም፣ በግዕዝ ከሚታወቁት ከሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን የተለየ ነው።) ይሁዳ ከሠራዊቱ ሁለት ሺህ ያህል ድራክማ ብር ሰብስቦ፣ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ መጽሐፉ ከሟቾቹ የአንዱንም ስም አልጻፈም፤ ጸሎቱ ግን ስለ እነርሱ ቀረበ። ሁለተኛ፣ ሟቾቹ ከልብሳቸው በታች የጣዖት ምልክት ይዘው ተገኝተው ነበር። ይሁዳ በደላቸውን አልሸሸገም፤ ስለ በደላቸውም ጸሎት አልነፈጋቸውም።

እንግዲህ የክርስትና ስም ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ባልንጀራው በጠራበት ስም ይታሰብ። እናት ያወጣችውን ስም እግዚአብሔር አይረሳውም።

3. ከወዲያ ወገን የነበሩትስ?

ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው በየበረሃው አሳድዶታል፤ ዮናታን ደግሞ እንደ ነፍሱ ወዶታል። ሁለቱ በአንድ ቀን በወደቁ ጊዜ ዳዊት ለወዳጁ ብቻ አላለቀሰም፤ አሳዳጁንም ከወዳጁ ጋር በአንድ ሙሾ አለቀሰላቸው (2ኛ ሳሙ. 1)። ይህን ሲያደርግ ሳኦል ንጹሕ ነበር ማለቱ አይደለም። እውነትን መናገርና ለሞተው ማልቀስ በአንድ ልብ ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳየን።

ይህ ትምህርት ለሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተነሣው ግጭት በየቤቱ ሐዘን ትተዋል። የእኛን ሟች ብቻ ቆጥረን የሌላውን ብንዘልል፣ ዝክራችን ቂም መቁጠሪያ ይሆናል።

4. ለመምህራን

በየቁምስናችሁ ያሉትን አረጋውያን ጎብኙ፤ የሚያስታውሷቸውን ስሞች በደብተር ጻፉ። «ከየትኛው ወገን ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሞቱ ያልተረጋገጠውን ሰው ሞተ ብላችሁ አታውጁ፤ መርዶ በግምት አይነገርም። ስለ እርሱ «በሕይወት ካለ ጠብቀው፤ አርፎም ከሆነ ማረው» ብላችሁ ጸልዩ። በመርከቡ አብረው የነበሩ ሙስሊሞች ሲታወሱም ስማቸውን አትለፉ፤ ያንኑ ዘብ ቆመዋልና።

አዛውንቱ በሳምንቱ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ስም ነበረበት፤ ሰባቱ ቅጽል ስሞች ናቸው። «ከወዲያ ወገን የነበረው የትኛው ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው ቃጣኝና ተውሁት። ሁሉንም አነበብሁ።

ለውይይት

ሀ. በቤታችን መርዶው ያልደረሰ፣ ስሙም የማይነሣ ሰው አለን?
ለ. የሟቹን በደል ሳንሸሽግ እንዴት ልንጸልይለት እንችላለን?
ሐ. በሠፈራችን ዕድር፣ የሌላውን ወገን ሟች ቤተሰብ ለማጽናናት ምን ማድረግ ይቻላል?