የቀበሌ ቤት በእጅ ዙር ኪራይ

ጥያቄ፦ ከደባርቅ መጥቼ ጎንደር ውስጥ በቀን ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሳሙና በር አካባቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ያለ ውል፣ በቃል ብቻ ተከራይቻለሁ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አከራዬ ራሳቸው ተከራይ ናቸው። አሁን «በሳምንት ውስጥ ጨምሪ፣ አለዚያ ልቀቂ» አሉኝ። ሕጉ ይደግፈኛል?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውንም አከራይ እንዳሻው አይወስንም። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ የክልሉን ውሳኔ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ የክፍለ ከተማውን ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

የእርስዎ ችግር ግን ሌላ ነው። የቀበሌ ቤት የሚባለው በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ርካሹ ነው። ኪራዩ እስከ ዛሬ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ለሌላ ማከራየት ትርፍ አለው፤ ክልክልም ነው። ከከሰሱ አከራይዎ ቤቱን ሊነጠቁ ይችላሉ፣ እርስዎም አብረው ይወጣሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ቢሮ ሄደው ሊከሱዎት አይደፍሩም። ስለዚህ እኔ ብሆን ጎረቤት የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ልኬ ቢያንስ የሁለት ወር ጊዜ እለምን ነበር።

እስከዚያው ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ፤ ማስረጃ ይሆንዎታል። አከራይዎ ዕቃዎን አውጥተው ከጣሉ ለፖሊስ ያመልክቱ። ቀጣዩን ቤት ሲፈልጉ የይዞታ ካርታ ይጠይቁ፤ የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ ከሆነ አፍራሽ ሲመጣ ለተከራይ ካሳ የሚያስብ የለም።